51 ወጣቶች «አዎ» ብለው 7 ብቻ ሲመጡ፦ ከዐውደ ርዕይ በኋላ የሚሰበሰብ አስተያየትና የወጣቶች ተሳትፎ ዕቅድ

ጥያቄ፦ ለወጣቶች የሙያና የክህሎት ዐውደ ርዕይ ለሁለት ቀን አዘጋጅተን ነበር። በር ላይ ስምና ስልክ እየመዘገብን 600 ያህል ወጣቶች አስገባን። ሲወጡ የአስተያየት ቅጽ ሰጥተናቸው 143 ተሞልቶ ተመለሰ፤ አብዛኛው «በጣም ጥሩ» ይላል። በቅጹ መጨረሻ ላይ «በሚቀጥለው ዝግጅት መሳተፍ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። 51 ወጣቶች «አዎ» ብለው ስልካቸውን ጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለዕቅድ ስብሰባ ስንጠራቸው የመጡት 7 ብቻ ናቸው። አሁን ኮሚቴው «ወጣቱ ፍላጎት የለውም» ብሎ ሊደመድም ነው። እኔ ግን ችግሩ ከአስተያየት አሰባሰባችን ይመስለኛል። የሚቀጥለውን ዓመት የወጣቶች ተሳትፎ ለማቀድ ምን ዓይነት አስተያየት፣ ከማን፣ እንዴት እንሰብስብ? መልስ ለሚሰጡን አነስተኛ ስጦታ ብናዘጋጅስ?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ኮሚቴው እጅ ላይ ያለው መረጃ «ወጣቱ ፍላጎት የለውም» የሚል ድምዳሜ አይሸከምም። «ወጣቱ ዐውደ ርዕዩን ወዶታል» የሚለውንም አይሸከምም። ልዩነቱ፣ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ሲመጣ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ «በጣም ጥሩ» የሚለው ሣጥን በመብዛቱ የተጨነቀ ኮሚቴ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ከመጨረሻው ልነሣ፣ ከ51ዱና ከ7ቱ። «ለአፍ ዳገት የለውም» ይባላል፤ ለእስክሪብቶም የለውም። አንድ ወጣት አዳዲስ ነገር ሲያይ ውሎ፣ ልቡ ሞቆ ሲወጣ «መሳተፍ ትፈልጋለህ?» ተብሎ «አዎ» ቢል አልዋሸም። የጠየቃችሁት ምኞቱን ነው፤ ምኞቱን ነገራችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጠየቃችሁት ግን ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ሙሉ ከሰዓት፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ የወላጅ ወይም የአሠሪ ፈቃድ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ የመናገር ድፍረት። የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም።

እስቲ ጥያቄውን እንደገና አንብቡት። «በሚቀጥለው ዝግጅት መሳተፍ ይፈልጋሉ?» በእኛ አነጋገር አንድ ዝግጅት ላይ የተገኘ ሁሉ «ተሳታፊ» ነው። ቅጹ ራሱ ርእሱ ላይ «የተሳታፊዎች አስተያየት» ይል ከነበረ (አብዛኛው እንዲያ ይላል) ቅጹን የሞላው ወጣት የተረዳው «በሚቀጥለው ዓመትም መጥተው ማየት ይፈልጋሉ?» ማለታችሁ እንደሆነ ነው። እናንተ በዝግጅቱ ሥራ ውስጥ ገብቶ ስለመወሰን ስትጠይቁ፣ እሱ ስለመጎብኘት መልሶ ሊሆን ይችላል። ከ51ዱ ስንቱ እንዲህ እንደተረዳው ከቅጹ ማወቅ አይቻልም፤ ለዚህም ነው ቁጥሩን ይዞ ማቀድም፣ ቁጥሩን ይዞ ወጣቱን መውቀስም የማያስኬደው።

ስለ ምኞትና ስለ ተግባር ርቀት የሥነ ልቦና ሰዎች ብዙ ሠርተዋል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዳሳየው፣ «አደርገዋለሁ» ብቻ ከሚል ሰው ይልቅ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርገው አስቀድሞ የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ ያ የመጨረሻ ጥያቄ እንዲህ ቢሆን ኖሮ፦

«በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት የሚቆይ ሥራ አለን፤ የሚቀጥለውን ዓመት ማሳያዎች እንመርጣለን። ትመጫለሽ? በምን ትመጫለሽ? አብሮሽ የሚመጣ ጓደኛ አለ?»

«አዎ» ባዮቹ ከ51 በእጅጉ ያንሱ ነበር። ማነሳቸው ኪሳራ አይደለም። በ51 የማይያዙ ስሞች ከማቀድ በ15 የሚያዙ ማቀድ ይሻላል። ሦስት ሳምንት መቆየታችሁም ጎድቷችኋል፤ የሞቀ ልብ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። የመጀመሪያው ጥሪ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፤ የሚጠሩበት ነገር ገና ባይዘጋጅ እንኳ «ስምሽ ደርሶናል፣ በዚህ ቀን እንደውላለን» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል።

ይህን ካልኩ በኋላ የምመክራችሁ የመጀመሪያ ሥራ አዲስ መጠይቅ ማዘጋጀት አይደለም። ያልመጡት የ44ቱ ወጣቶች ስልክ እጃችሁ ላይ ነው። ደውሉላቸው። ለተሳትፎ ዕቅድ ከ143ቱ ቅጾች የእነዚህ የ44ቱ ምክንያት ይበልጣል። ፍላጎታቸውን በጽሑፍ የተናገሩ፣ ግን አንድ ነገር መንገድ ላይ ያስቀራቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መሥራት ያለበት ያንን «አንድ ነገር» ነው።

ስትደውሉ «ለምን ቀራችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የጥያቄ ልብስ የለበሰ ወቀሳ ነው፤ የሚያስገኘውም «አመመኝ» ወይም «ረሳሁት» የሚል መልስ ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ስብሰባ የጠራንበት ሰዓት፣ በሌላ ሳምንት ቢሆን ብዙውን ጊዜ ምን ትሠሪበታለሽ?» ቀጥሎ «መልእክታችን ሲደርስሽ ምን የሚደረግበት ስብሰባ መሰለሽ?» «ምን ቢስተካከል ትመጪ ነበር?» የሚለውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ግምት የሚጠይቅ ስለሆነ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ያወጣል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ባዘጋጀሁት ዝግጅት ላይ ይህንኑ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ንግግር የምታሰሙበት መስሎኝ ነበር» የሚል ነበር፤ አንድ ሰው ሳይሆን ብዙዎቹ ያሉት። በመልእክቱ ላይ «ስብሰባ» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከምላሾቹ ውስጥ አንዳንዱ ያስቃችኋል፤ ስልኩ በእጅ ጽሑፍ ስሕተት 7 እና 1 ተቀያይረው መልእክቱ ጭራሽ ያልደረሰው ይኖራል። አንዳንዱ የትምህርት ወይም የሥራ ፈረቃ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለው ወላጅ አልፈቀደለትም። አንዷ ለብቻዋ መምጣት ፈርታለች። እነዚህ ምክንያቶች በአንድ ከረጢት ገብተው «ተነሣሽነት ማነስ» መባል የለባቸውም፤ መፍትሔያቸው የየራሱ ነውና። አሥሩ መልእክት ካልደረሳቸው የሚያስፈልጋችሁ የስልክ አመዘጋገብ ማስተካከል እንጂ ወጣቱን የሚያነሣሣ ሥልጠና አይደለም። አሥሩ በሰዓቱ ትምህርት ላይ ከሆኑ ሰዓቱ ይቀየር። አሥሩ ብቻቸውን ለመምጣት ከፈሩ ጥሪው «ከአንድ ጓደኛሽ ጋር ነይ» ይበል።

ማን ይደውል? የመጡት 7 ወጣቶች። የግማሽ ቀን ልምምድ ስጧቸው፤ እርስ በርስ እየተደዋወሉ ይለማመዱ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ይያዙ፣ የጥሪ ወጪው ከእናንተ ይሁን። ለእኩያው የሚናገር ወጣት ለአዘጋጅ የማይነገረውን ይሰማል። እነሱም በመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ሥራ ያገኛሉ፤ አስተያየት መሰብሰቡ ራሱ ተሳትፎ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ስልክ ቁጥሮቹ የተሰጡት ለእናንተ ተቋም እንጂ ለሰባቱ ወጣቶች አይደለም። ጥሪው ከቢሮ ስልክ ይሁን፣ ዝርዝሩ ወደ ግል ስልክ አይገልበጥ፣ ፎቶም አይነሣ፣ ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ይመለስ።

አሁን ወደ 143ቱ ቅጾች እንምጣ። ከ600 ውስጥ 143 ማለት ከአራት ሰው አንዱ እንኳ አይሞላም። ጥያቄው «ስንት ሰው ሞላ?» ሳይሆን «የሞላውና ያልሞላው በምን ይለያሉ?» ነው። እስከ መጨረሻው የቆየ፣ ያልቸኮለ፣ መጻፍ የማይከብደው፣ የወደደ ሰው ይሞላል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ «ለእኔ የሚሆን ነገር የለም» ብሎ የወጣው በዚያው በር ወጥቷል፤ ቅጽ የሚሰጠው ሰው ግን ምናልባት ገና አልቆመም ነበር። ለተሳትፎ ዕቅድ የሚያስፈልጋችሁ ድምፅ የእሱ ነው።

ቁጥር መብዛቱ ይህን አያድንም። በመጠይቅ ታሪክ ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1936 የሆነው ነው። ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ መጠይቅ በፖስታ ልኮ 2.3 ሚሊዮን ገደማ መልስ ሰበሰበ፤ ከዚያም አልፍሬድ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ ላይ መልሶ የላከው ክፍል ካልላከው የተለየ ነበር። 2.3 ሚሊዮን መልስ ያላዳነውን 143 ቅጽ አያድነውም። ምላሽ የተገኘው ከአራት ሰው ከአንዱ ገደማ መሆኑም ይመሳሰላል፤ እሱ እንኳ አጋጣሚ ነው።

ሌላው ችግር የጊዜው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዳንኤል ካነማንና የባልደረቦቹ የ1993 እ.ኤ.አ. ሙከራ እዚህ ይጠቅመናል። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ ነከሩ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሴኮንድ ነክረው፣ ተጨማሪ 30 ሴኮንድ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ ሲሞቅ ቆዩ። የትኛውን መድገም እንደሚመርጡ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ጠቅላላ ሥቃዩ የበለጠ ሆኖ ሳለ አጨራረሱ ለስለስ ስላለ። ሰው አንድን ነገር መለስ ብሎ ሲመዝን ከፍተኛውን ቅጽበትና መጨረሻውን ይዞ እንጂ እያንዳንዱን ደቂቃ ደምሮ አይደለም። የዐውደ ርዕያችሁ ማብቂያ ሙዚቃ ወይም የሽልማት ሥነ ሥርዓት ከነበረ፣ በር ላይ የተሞላው ቅጽ የለካው ምናልባት ያንን ነው። ስለ መዝጊያው ደስ ይበላችሁ፤ ማሳያዎቹ ጠቃሚ ነበሩ ወይ የሚለውን ግን ከዚያ አታንብቡ።

ይሉኝታም አለ። ቅጹን የሰጠው ባጅ ያንጠለጠለ አዘጋጅ ነው፣ እስኪሞላ ፊቱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወረቀቱንም በእጁ ይቀበላል። እንዲህ ባለበት «ደካማ» የሚለውን የሚመርጥ ልጅ ደፋር ነው። መልሱ ከአንገት በላይ ቢሆን ማን ይፈርድበታል? ቅጽ ተሞልቶ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ሰጪውም እኩያ ወጣት ይሁን፤ ስምና ስልክ ካስፈለገ በሌላ ወረቀት ላይ ለብቻው ይጻፍ። ትችትና ስልክ ቁጥር አንድ ገጽ ላይ አብረው አይኖሩም።

ታዲያ 143ቱን እንጣላቸው? አይደለም። በጽሑፍ የተሰጡትን ሐሳቦች አንብቡ፤ እዚያ ውስጥ ያላሰባችሁት ነገር ይገኛል። የማይሆነው «ከወጣቶቹ ይህን ያህል በመቶ» ብሎ ከቅጾቹ መናገር ነው። በመቶ መናገር ከፈለጋችሁ መንገዱ ሌላ ነው፤ መሣሪያውም አላችሁ። በር ላይ የመዘገባችሁት የ600 ሰው ዝርዝር ብዙ አዘጋጆች የማያገኙት ሀብት ነው። ከእሱ 60 ስም በዕጣ አውጡ፤ ቁጥር ሰጥታችሁ በኤክሴል ወይም በወረቀት ዕጣ፣ ዋናው የሚታወቁ ልጆችን እየመረጣችሁ አለመሆናችሁ ነው። እነዚህን 60ዎቹን ግን አጥብቃችሁ ያዙ። በተለያየ ቀንና ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ደውሉ። 60ዎቹ በሙሉ ቢመልሱ፣ ከ600 ውስጥ በዕጣ ለወጣ 60 የስሕተት ህዳጉ ቢበዛ 12 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው ማለት ይቻላል፤ ማለትም 70 በመቶው «ቅዳሜ ይመቸኛል» ቢል እውነቱ ከ58 እስከ 82 ባለው ውስጥ የመሆኑ ነገር 95 በመቶ ያስተማምናል። ሰፊ መስሎ ይታያል። ቅዳሜን ከሮብ ለመምረጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። 600ውንም አሳድዶ 143 ከማግኘት 60ውን አሳድዶ 50 ማግኘት እጅግ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ዝግጅት ደግሞ ማብቂያውን አትጠብቁ። ከመጀመሪያው ሰዓት አንሥቶ በር ላይ ሁለት ወጣቶች ይቁሙና ከሚወጣው ሰው እያንዳንዱን አሥረኛ ያስቁሙ፤ የሁለት ደቂቃ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አሥረኛው ሰው የተቆጣ ቢመስልም፣ የቸኮለ ቢመስልም እሱ ነው የሚጠየቀው። ፈገግ ያለውን መርጦ መጠየቅ የሁላችንም ድክመት ነው። እምቢ ካለ እምቢ ማለቱ ይመዝገብ፤ እምቢ ያሉት ሲበዙ ያም ራሱ መልስ ነው። ኪውአር ኮድ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይከፋም፤ ብቻውን ግን ስልክና ኢንተርኔት ያለውን፣ ፍላጎቱም የጠነከረውን ብቻ ያመጣላችኋል።

የጥያቄ አጻጻፍ ላይ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ አንድ ፈተና ብቻ እሰጣችኋለሁ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት «መልሱ ሀ ከሆነ ይህን እናደርጋለን፤ ለ ከሆነ ያንን» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም ወደ አንድ ሥራ የሚወስዱ ከሆነ ጥያቄውን ሰርዙት። «ዐውደ ርዕዩን እንዴት አገኙት?» የሚለው በዚህ ፈተና ይወድቃል። «በጣም ጥሩ» ቢባልም «ደካማ» ቢባልም በሚቀጥለው ዓመት ማዘጋጀታችሁ አይቀርም፤ ምን እንደምትቀይሩም አይነግራችሁም። «የትኛው ማሳያ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆየህ?» ግን ያልፋል። «ከዝግጅቱ በኋላ እዚህ ካየኸው ነገር ምን ሞከርህ፣ ወይም ለማን ነገርህ?» ደግሞ በስልክ ከሳምንታት በኋላ ሲጠየቅ ወርቅ ነው፤ ያደረገውን ይናገራል እንጂ የሚያስበውን አይደለም።

በብዙ ቅጾች የማየው ሌላ ስሕተት የመለኪያው መዛባት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው የደረጃ መለኪያ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ምርጫ የሚሰጥ ነው። የእኛ ቅጾች ግን «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደካማ» ይላሉ፤ ሦስት የምስጋና በር፣ አንድ የትችት ቀዳዳ። «አላየሁትም» የሚል ምርጫም ጨምሩ፤ ያላየውን ማሳያ «ጥሩ» የሚል ልጅ ሞልቷል። «አዳራሹና ሰዓቱ ተስማምቶዎታል?» ዓይነት ሁለት በአንድ ጥያቄም ይከፈል። ከዚያ ቅጹን ከማባዛታችሁ በፊት ለአምስት ወጣት ስጡና ጮክ ብለው እያነበቡ ምን እንደተረዱ ይንገሯችሁ። ያ «መሳተፍ» የሚለው ቃል በዚህ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይያዝ ነበር።

ቁጥር ከየትኛውም መንገድ ቢመጣ «ለምን» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይነግርም። ለዚያ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ያላቸው ሁለት ሦስት የቡድን ውይይቶች አድርጉ። «ወጣት» የሚለው ቃል ሰፊ መሆኑን አትርሱ፦ የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ከ15 እስከ 24 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ደግሞ ከ15 እስከ 35። የ16 ዓመት ተማሪና የ30 ዓመት ሥራ ፈላጊ አንድ ክብ ውስጥ ከተቀመጡ የምትሰሙት የ30 ዓመቱን ነው። ስለዚህ በዕድሜ ለዩ፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚናገሩበት አንድ ውይይትም ይኑር። ከቡድኖቹ አንዱ ጨርሶ ካልመጡት ይሁን፤ ያልመጣውን ለማግኘት የመጡትን «አንድ ያልመጣ ጓደኛ አምጡ» ማለት ቀላሉ መንገድ ነው።

አዘጋጁ ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥ። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። «ጥግ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ልስማ» ብዬ ገባሁ። ለአርባ ደቂቃ የሰማሁት ምስጋና ብቻ ነበር፤ ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ስመለስ በበሩ በኩል ሳቅና ክርክር ይሰማል። ስገባ ቆመ። አወያዩ ከዝግጅቱ ጋር ያልተያያዘ ወጣት ይሁን፤ እናንተ ስም ያልተጻፈበትን ማስታወሻ አንብቡ።

ሲተነተን ሁሉን አደባልቃችሁ አማካይ አታውጡ። በዕድሜ፣ በጾታ፣ ሥራ ባለውና በሌለው ከፋፍላችሁ እዩት፤ አንድ ሰዓት ለተማሪው ተመችቶ ለሠራተኛው የማይሆን ከሆነ አማካዩ ለማንም የማይመች ሰዓት ይሰጣችኋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከአምስት ሰው በታች ካለ ለብቻው አታሳዩት፤ «የ17 ዓመት አካል ጉዳተኛ ሴት፦ 1» ብሎ መጻፍ ስም ከመጥራት አይለይም። በጽሑፍ የተሰጡትን ሐሳቦች ሁለት ሰው ለየብቻው አንብቦ በጭብጥ ይመድብና ይነጻጸር። የማይስማሙበት ቦታ ላይ ተወያዩ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ኮሚቴው የወደዳትን አንዲት ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይዞ እንዲሮጥም አትፍቀዱለት።

እዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ ቢሟላም አንድ ነገር ካልተወሰነ ከንቱ ነው፦ ወጣቶቹ እንዲወስኑበት የተተወው ጉዳይ የትኛው ነው? ሮጀር ሃርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ ቀደም ሲል ሼሪ አርንስታይን በ1969 ለዜጎች ተሳትፎ ያወጣችውን መሰላል ለልጆችና ለወጣቶች አድርጎ ስምንት እርከን ሰጠው። ታችኛዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም መጠቀሚያ ማድረግ፣ ማጌጫ ማድረግና የይስሙላ ተሳትፎ፣ በእሱ ሚዛን ጭራሽ ተሳትፎ አይባሉም። መሪ ቃል የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰው እንግዳ የሚቀበሉ ወጣቶች ያሉት ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ላውራ ለንዲ የተባለች የሕግ ምሁር ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ የሚደነግገውን የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብት ስምምነት 12ኛ አንቀጽ ስታብራራ አራት ነገር አስቀመጠች፦ መናገሪያ ቦታ፣ ድምፅ፣ የሚሰማ አካል፣ ውጤት ላይ የሚታይ ተጽዕኖ። የአስተያየት ቅጽ ብቻውን የሚሰጠው ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ከኮሚቴው ነው የሚመጡት።

ስለዚህ 44ቱን ከመደወላችሁ በፊት ኮሚቴው ተቀምጦ ሦስት ዝርዝር ይጻፍ፦ ወጣቶቹ ራሳቸው የሚወስኑት፣ አብረን የምንወስነው፣ ለጊዜው እኛ የምንወስነውና ለምን። የማሳያዎች ምርጫ የመጀመሪያው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከበጀቱም ትንሽ ክፍል። የአዳራሽ ደህንነት ደንብ ሦስተኛው ውስጥ ቢሆን ማንም አይቀየምም፤ የሚያስቀይመው ክፍት መስሎ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ባዶ ከሆነ እባካችሁ አስተያየት አትሰብስቡ። የተጠየቀና ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለ ወጣት ካልተጠየቀው ይልቅ ይርቃል።

ከሰበሰባችሁ በኋላ ደግሞ መልሱን መልሱ። ለ600ውም በጽሑፍ መልእክት ወይም በቴሌግራም ይሂድ፤ ሪፖርት አያስፈልግም፦ «ያላችሁን ይህ ነው፤ ይህን ቀይረናል፤ ይህን አልቀየርንም፣ ምክንያቱም…»። ሦስተኛውን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል። እምነት የሚገነባው ግን እሱ ነው፤ ሁሉንም ተቀብለናል የሚል ተቋም ምንም እንዳልሰማ ወጣቱ ያውቃል። መደወሉ፣ ዕጣውና ውይይቱ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ይለቅ፤ መልሱም ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ይድረስ።

ስለ ስጦታው፦ ማዘጋጀት ትችላላችሁ፣ አካሄዱ ግን ለውጥ ያመጣል። በመጠይቅ ጥናት ደጋግሞ እንደታየው ከመልስ በፊት የሚሰጥ ትንሽ ነገር፣ «ከመለሳችሁ እንሰጣለን» ከሚባል ተለቅ ያለ ተስፋ ይልቅ ምላሽ ያስገኛል። በዕጣ ለወጡት 60ዎቹ ብቻ፣ ለሁሉም እኩል፣ ከጥሪው አስቀድሞ ትንሽ የአየር ሰዓት ላኩና «ነገ እንደውላለን፤ መመለስ ግዴታ የለብህም» በሉ። ለ44ቱ ግን አትስጡ። እነሱ ስጦታ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ሥራ ነበር። ለደዋዮቹ ለሰባቱ ደግሞ የመጓጓዣቸውን ክፈሉ፤ ያ ስጦታ አይደለም፣ ዕዳ ነው።